በፀዲ ስም የተተከለችው ወይራ

ላንጋኖ፣ አሸዋ ዳር ሆቴል
ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ፣

ደብዳቤዎ በሹፌራችን በብርሃነመስቀል እጅ ደረሰኝ። ስልኩ ጆሮዎ ውስጥ እየጮኸ ቃል አልሆን ካለዎት በዚሁ እንቀጥል። ብርሃነመስቀል በየሳምንቱ ጉርድ ሾላ ወዳለው ቢሯችን ስለሚመላለስ እስከ ቤትዎ እየወጣ ሊያደርስልኝ ቃል ገብቷል። ለሰኔ ሚካኤል ሳልመጣ ቀረሁ። እናቴ ሞታ እርስዎ ቤት ከገባሁ ወዲህ ያለ እርስዎ አክብሬው አላውቅም። ሆቴሉ እንግዳ ሞልቶት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ለእንጨት ተሸካሚ ሴቶቹ ይንገሩልኝ ያልኩዎት የችግኝ ተከላ የራሴ ሐሳብ እንደሆነ ጠይቀውኛል። የሆቴሉ ነው። ሐይቁ ዳር ሊዝናና የመጣ እንግዳ በራሱ ወይም በሚወደው ሰው ስም አንድ ችግኝ ይገዛል። ችግኙ የሚተከለው እንጦጦ ላይ፣ ከእርስዎ ቤት በላይ ባሕር ዛፉ የተቆረጠበት ዳገት ላይ ነው። አጠገቡ ስሙ የተጻፈበት ታፔላ ይቆማል። የሚተክሉት፣ የሚኮተኩቱት፣ በበጋ ውሃ የሚያጠጡት እንጨት በመሸከም ይኖሩ የነበሩት ሴቶች ናቸው፤ ደመወዛቸውም ከሆቴሉ ነው። እስከ መቼ ላሉኝ፣ ለሦስት ዓመት። ይህን ማናጀራችን አቶ ፍቅረማርያም እኔ ባለሁበት ስብሰባ ላይ ተናግረዋል። የማኅበረሰብና የአካባቢ ጉዳይ ኃላፊ አድርገው የመደቡኝም እዚያ ሰፈር ስላደግሁ ነው።

ሴቶቹ የሚያምኑት እርስዎን እንጂ እኔን እንዳልሆነ አውቃለሁ። የለመንኩዎትም ለዚሁ ነው። ፈትለወርቅ እሺ ካለች ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ፈትለወርቅ ደግሞ የእርስዎን ቃል አትጥልም። ከልጅነቴ ጀምሮ ጎንበስ ብላ እንጂ ቀጥ ብላ ስትሄድ አይቻት አላውቅም። እባክዎ ይንገሯት።

ልጅዎ ናዝሬት


እንጦጦ
ሐምሌ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ናዚዬ፣

ጉንፋኑ ለቆኛል፤ አታስቢ። የላክሽውን ሹራብ ለብሼ ነው የምጽፍልሽ። ክረምቱ ዘንድሮ ከብዷል፤ ደጄ ድረስ ጉም ገብቶ ነው የሚያድረው።

ተከላው እንዴት እንደነበር አልሰማሁም ያልሽው ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አለቆችሽ አልነገሩሽም? አውቶቡሱ አስፋልቱ ጫፍ ቆሞ እንግዶቹ በእግራቸው ወጡ። ሁሉም አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰዋል። አንዳንዱ ጭቃውን ተጠይፎ ችግኙን በሁለት ጣት ይዞ ፎቶ ተነሣና ለሴቶቹ መልሶ ሰጠ። ሴቶቹ ግን ደስ ብሏቸው ነበር። ፈትለወርቅ እየሣቀች፣ «እትዬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ዛፍ ሳራቁት ኖሬ አሁን ላለብሰው ነው?» አለችኝ። የእንጨት መሸከሚያ ገመዷንም ለጎረቤቷ ሰጠችው። «ቤት ውስጥ ካየሁት ይጠራኛል» አለች።

ስለ ሰውየው ለጠየቅሽኝ፣ አዎ መጥቷል። ጥቁር የለበሰ፣ ሸበቶ፣ ቀጠን ያለ ሰው። ከእንግዶቹ ጋር አልተቀላቀለም። ሴቶቹ ጉድጓድ ሊቆፍሩለት ሲሉ «እኔው ልቆፍር» ብሎ ዶማውን ተቀበላቸው። ቆፍሮ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እናቴ፣ ከእነዚህ ዕድሜዋ የሚረዝመው የትኛዋ ናት?» አለኝ። ወይራዋን ሰጠሁት። ታፔላውን ሲያቆም አየሁት፤ «ፀዲ በአምላክ» ይላል። ልጅዎ ናት ወይ አላልኩትም፤ ፊቱ ላይ ነበር። ሲሄድ ብቻ «ይጠብቁልኛል?» አለኝ። «እንጠብቃለን» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

አሁን ነገሩ እንዲህ ነው፣ ልጄ። ሴቶቹም በእኔ ቃል ገብተዋል፣ ሰውየውም በእኔ ቃል ሄዷል። አንቺ ደግሞ አደራሽን።

እትዬ የማርያምወርቅ


ላንጋኖ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሳልጽፍልዎ ስለቆየሁ አይቀየሙኝ። ታምሜ አይደለም፤ ከስቻለሁ ብሎ ብርሃነመስቀል የነገረዎትም የእሱ ወሬ ነው። የምጽፍልዎ መልካም ነገር እስኪገኝ ስጠብቅ ነው ቀኑ የሄደው።

ሰውየው ማን እንደሆነ ጠይቀውኛል። አቶ በአምላክ ይባላል፤ ሲ.ኤም.ሲ ነው የሚኖረው። አምና ጥር ላይ ከባለቤቱ ከወይዘሮ አስረሳሽና ከአንድ ልጃቸው ጋር እኛ ዘንድ መጥተው ነበር። ልጅቷ ኩላሊቷን ታማ ነበርና ሐይቅ ማየት አማረኝ ብላ ነው ያመጧት። በወንበር ተሸክመን አሸዋው ላይ እናስቀምጣታለን፤ ውሃው እግሯን ሲነካው ትሥቅ ነበር። በሚያዝያ ዐረፈች። በግንቦት አባቷ ለብቻው ተመልሶ መጣ። ሲዋኝ አላየነው፣ ሲበላ አላየነው፤ ወንበሯ የነበረበት ቦታ ቆሞ ይውላል። ምን እንደምለው ጠፍቶኝ ስለ ዛፉ ነገርኩት። የነገርኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ሚስቱ ልጃቸው ካረፈች ወዲህ ከቤት ወጥታ አታውቅም አሉ።

ስለ ውሃ ቦቴው፦ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል ተብያለሁ። ባለፈውም እንዲሁ ተብዬ ነበር፤ ያኔ ለእርስዎ የጻፍኩትን አምኜ ነው የጻፍኩት። ዝናቡ ከቆመ ወዲህ በየቀኑ እየጠየቅሁ ነው። አቶ ፍቅረማርያም አይቆጡም፤ «እየተሠራበት ነው፣ ናዝሬት» ይሉኛል።

ሆቴላችን ለአካባቢ ጥበቃ ተሸለመ። ኬክ ተቆረሰ፣ ስሜ ተጠርቶ ተጨበጨበልኝ። ከአዳራሹ ስወጣ የመሬት ውስጥ ቧንቧው የሆቴሉን ሳር እያጠጣ ነበር። ጠዋትና ማታ ይጠጣል። ቆሜ አየሁትና ክፍሌ ገባሁ።

ውርጩ እንዳይጎዳዎት ይጠንቀቁ።

ናዝሬት


እንጦጦ
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናዚዬ፣

አልተቆጣሁሽም። ስንት ጊዜ ትጠይቂኛለሽ? ያልተቆጣሁትም ማንን እንደምቆጣ ስላላወቅሁ ነው።

ቦቴው አልመጣም። ውርጩ ግን ሳይቀር በየሌሊቱ መጣ። ጠዋት ስንወጣ ቅጠሉ በእሳት የተለበለበ መስሎ እናገኘዋለን። ሴቶቹ ዝም ብለው አላዩም። ከታች ከምንጩ በጀሪካን እየቀዱ አወጡ። ፈትለወርቅ ገመዷን ከጎረቤቷ መልሳ ተዋሰችው፤ ጀሪካኑን በእሱ አዝላ ስትወጣ መንገድ ላይ አገኘኋትና «አረፍ በይ እንጂ» አልኳት። «እትዬ፣ እንጨት ሲሆን ቁልቁል ነበር የምንሸከመው፤ ውሃ ሲሆን ሽቅብ ሆነብን» አለችኝ። ለማማረር አልነበረም፤ እንዲያው ነው ያለችው።

እርስዎም ይሸከማሉ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ይህንን ተይው።

ከዚያ የቢሮው ሰው ከጉርድ ሾላ መጣ። ሴቶቹን ሰብስቦ፣ ተከላው ስለተጠናቀቀ ደመወዙ በዚህ ወር ያበቃል፣ ከእንግዲህ እንክብካቤው የማኅበረሰቡ ተሳትፎ ይሆናል አላቸው። «ሦስት ዓመት አልነበረም ወይ?» ብትለው ፈትለወርቅ፣ «ማን ነው ያለሽ?» አላት። ሴቶቹ ወደ እኔ አላዩም። አለማየታቸው ነው የባሰብኝ። ቢያዩኝ መልስ እሰጥ ነበር ማለቴ አይደለም።

አሁን ተበትነው ወደ እንጨታቸው ተመልሰዋል። ዳገቱ ለችግኙ ተብሎ በሽቦ ታጥሯል፤ ዘበኛ አለው። ቅጠል ይጠርጉበት የነበረውን ቦታ እንኳ አጥተው ከተራራው ጀርባ ድረስ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ መንገዱ ከዱሮው ረዝሟል። ፈትለወርቅ ብቻ ከእንጨቱ ስትመለስ አልፎ አልፎ በሽቦው ሥር እየገባች የምታጠጣቸው አሉ።

ስለ ፀዲ ወይራ አልጠየቅሽኝም። እኔም ሳትጠይቂኝ አልነግርሽም።

የማርያምወርቅ


ላንጋኖ
መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

አሁን እጠይቅዎታለሁ። ግን መጀመሪያ ያሉኝን ልመልስ። አዎ፣ ለአቶ ፍቅረማርያም ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። ቢሯቸው ገብቼ፣ «ችግኞቹ አብዛኞቹ ደርቀዋል፣ ሴቶቹም ተበትነዋል፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ ዛፍ እየሸጥን ነው» አልኳቸው።

«ተተክለዋል አይደል?» አሉኝ።

«ተተክለዋል።»

«እኛ እንተክላለን ነው ያልነው። መጽደቅ የእግዜር ነው።»

«ሦስት ዓመት ብለዋል፣ ጋሼ። እኔም ለሰዎቹ ተናግሬያለሁ።»

ክፉ ሰው አይደሉም፤ የታመመች እናቷን ለማሳከም ፈቃድ የሰጧት እሳቸው እንደሆኑ ቢሯቸው ያለችው ጸሐፊ ሁልጊዜ ታወራለች። «ናዝሬት፣» አሉኝ፣ «ባለቤቶቹ በጀቱን ወደ ሐይቁ ዳር ጽዳት አዙረውታል። እኔም እንዳንቺ ተቀጣሪ ነኝ።» ይኸው ነው። ሥራሽን ልቀቂ ብለውኛል እርስዎ። ብለቅ ዛፉን መሸጥ ያቆማሉ? በእኔ ወንበር ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ ያ ሰው ደግሞ እንጦጦን አያውቀውም።

አሁን የጻፍኩበትን ልንገርዎ። አቶ በአምላክ ደውሎልኝ ነበር። የልጁ ሙት ዓመት በሚያዝያ ነው። ያን ቀን ወደ ዛፏ ሊወጣ ይፈልጋል። «ጸድቃለች አይደል?» አለኝ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ፣ ወይም እውነቱን። «እንኳን ደህና ይምጡ፣ አክስቴ እዚያ አሉ» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ።

ወይራዋ እንዴት ናት? ከደረቀችም ይንገሩኝ። ለእሱም እርስዎ ይንገሩት፤ እርስዎ ሲናገሩት ሰው ይችለዋል። እኔ አልቻልኩም።

ናዝሬት


እንጦጦ
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ወይራዋ ደርቃለች። ከገና በፊት ነው የደረቀችው። ውሃ ሳናጠጣት ቀርተን አይደለም፤ ያለችበት ቦታ ድንጋያማ ነው፤ ውርጩም ፊት ለፊት ነው የሚመታት። በእጁ የቆፈረላትን ጉድጓድ በቃልሽ ላይ ቃል ጨምሬ ጠብቄለት ነበር። አልሆነም።

ለእሱ ነገሩት ወይ ላልሽኝ እንዲህ ነው የሆነው። ጠዋት ተነሥቼ፣ የምለውን አዘጋጅቼ፣ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። «ልጄ፣ አደራህን አልጠበቅሁም» ልለው ነበር። ዘበኛው አስገባን። እሱ ቀድሞኝ እየሄደ ነው፤ እኔ ዳገቱ ትንፋሽ አሳጥቶኝ ከኋላው ነኝ። ስደርስ ተንበርክኮ አገኘሁት። ታፔላው ፊት ለፊት አንዲት ወይራ አለች፤ ጉልበቱን ታልፋለች፣ ለምልማለች።

ቆሜ ቀረሁ። ፈትለወርቅ ከወዲያ ማዶ እንጨቷን አውርዳ ቆማለች። ስታየኝ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየው እንደሚመጣ የነገርኳት እኔው ነኝ። በማለዳ ገብታ ታፔላውን ነቅላ፣ ከጥቂት እርምጃ በታች ካለችው፣ ራሷ ስታጠጣት ከኖረችው ወይራ አጠገብ ተክላዋለች። ደረቋንም ከነሥሯ ነቅላ ወስዳታለች።

ሰውየው ቅጠሏን በጣቱ እየዳሰሰ፣ «አድጋለች» አለ። ወደ እኔ ቀና ብሎ፣ «ማን ነው ያጠጣት?» አለኝ። ወደ ፈትለወርቅ አመለከትኩ። ይህ ውሸት አይደለም። ተነሥቶ ሄዶ እጇን ሊስም ጎንበስ ሲል እሷ አፍራ እጇን ነጠቀችው። «ጌታዬ፣ ኧረ ይተዉ» አለችው። እያለቀሰ ሣቀ። ናዚ፣ ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ኖሮ ምን ይወጣኝ ነበር?

ከሄደ በኋላ ፈትለወርቅን፣ «ለምን?» አልኳት። «እትዬ፣ ባዶ ጉድጓድ ላሳየው?» አለችኝ። ልቆጣት ብዬ አቃተኝ።

ዛፍ ዛፍ ነው፣ ወይራም ወይራ ነው እያልኩ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። አላሳመነኝም። ወር በወር እመጣለሁ ብሏል።

የማርያምወርቅ


ላንጋኖ
ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም። ፈትለወርቅን አልፈረድኩባትም፤ እርስዎንም። ትፈርጂብናለሽ ወይ ብለው መጠየቅዎ ራሱ አሳዘነኝ።

የወይዘሮ አስረሳሽ ፎቶ እንዴት እኛ ዘንድ ደረሰ ብለው ጠይቀውኛል፤ የነገረዎት ብርሃነመስቀል መሰለኝ። እውነት ነው፣ ሆቴሉ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። አቶ በአምላክ ለምስጋና ብሎ ለአቶ ፍቅረማርያም ልኮት ነው። በሁለተኛው ጉዞው ሚስቱን ይዟት እንደወጣ ያውቃሉ። ከዓመት በላይ ከቤት ያልወጣች ሴት ዛፏ ሥር ተቀምጣ ትታያለች። ፎቶውን በትልቁ አሳትመው፣ ከሥሩ «ተስፋ በእንጦጦ ይለመልማል» ብለው ጻፉበት። እንግዳ ሁሉ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ እሱን አይቶ ዛፍ ይገዛል። እንደ ዘንድሮ ተሽጦ አያውቅም።

አቶ ፍቅረማርያም ዘንድ ገባሁ። «ያቺ ዛፍ ያቺ ዛፍ አይደለችም» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ሰውየው ያውቃል?» አሉኝ።

«አያውቅም።»

«ተጽናንቷል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

ፎቶው ይውረድ ብዬ ለመንኩ፤ «ምክንያቱን ለባለቤቶቹ ምን ብዬ ልንገራቸው?» አሉኝ።

ወጥቼ ለአቶ በአምላክ ደወልኩ። ልነግረው ቆርጬ ነበር። «ሄሎ» ሳልለው፣ «ናዝሬት፣ አስረሳሽ ዛሬ ቁርስ በላች» አለኝ። «እኔ ሳልለምናት።» እንኳን ደስ አለዎት ብዬ ዘጋሁ።

ለክረምቱ እዚያው ዳገት ላይ እንደገና ይተከላል። በቀን ሥራ የሚቆፍሩ ሴቶች ይፈለጋሉ፤ ለእርስዎ እንድነግርዎት ታዝዣለሁ። ስለ ሦስት ዓመት ዘንድሮ የተናገረ የለም። ታዝዤ ነው የጻፍኩት፤ ለሴቶቹ ይንገሩ ብዬ አልለምንዎትም።

ግን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ባልና ሚስቱ ሲመጡ ስለ ዛፏ እውነቱን እርስዎ ይንገሯቸው። ከእኔ ይልቅ ከእርስዎ ይሻላል። ከሌላ ሰው ቢሰሙ ግን ምን ይሆናሉ? ዘበኛው ያውቃል፣ ሴቶቹ ሁሉ ያውቃሉ።

ናዝሬት


እንጦጦ
ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናዚዬ፣

ሳልመልስልሽ ስለቆየሁ ተጨንቀሽ ብርሃነመስቀልን በባዶ እጁ እንደላክሽው ነገረኝ። ደህና ነኝ። ወገቤን ብቻ ትንሽ ያመኛል።

ሴቶቹ ተመዘገቡ። እኔ አልነገርኳቸውም፤ የቢሮው ሰው ራሱ መጥቶ መዘገባቸው። እኔን «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሲሉኝ፣ «የቀን ሥራ ነው፤ ከቀን በላይ አትጠብቁ» አልኳቸው። ይህን ለማለት እንኳ መብት ያለኝ አልመሰለኝም። አምና የደረቁትን እየነቀሉ እዚያው ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው። የነቀሉትን ማታ እያሰሩ ለማገዶ ይወስዱታል፤ ዘበኛውም ለዚህኛው ዝም ብሏቸዋል። ፈትለወርቅ አልተመዘገበችም። «አንድ ጊዜ ተክያለሁ» አለች። ጠዋት ጠዋት ከተራራው ጀርባ ትሄዳለች።

አሁን የለመንሽኝን ልንገርሽ። ባለፈው ቅዳሜ ባልና ሚስት መጡ። ከመኪናቸው ውሃ በጀሪካን አወረዱ፤ ዝናብ እንደገባ እያዩ እንኳ አይተዉም። እሱ ወይራዋን አጠጣ፣ ከዚያ አጠገቧ ያሉትንም አጠጣ። ከዚያ ከታፔላው ላይ ጭቃውን በመሐረቡ ጠረገ። እሷ ጋቢዋን አንጥፋ ተቀመጠች። ክው ያለ ፊት ነው ያላት፤ አስረሳሽ የሚል ስም የሰጧት ወላጆቿ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር አልኩ በሆዴ።

እሱ ጀሪካኑን ሊመልስ ወደ መኪናው ሲወርድ ሁለታችን ቀረን። ለእናት መንገር ይሻላል አልኩ። እናት የማትችለው የለም። አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ «ልጄ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለኝ» አልኳት።

«ይንገሩኝ፣ እማማ» አለችኝ። ጎኗን ወደ ዛፏ አስጠግታ ነበር። «ብቻ ዝም ብዬ ብሰማዎት አይቀየሙኝ፤ ቤት እንቅልፍ የለኝም። እዚህ ስመጣ ነው የሚወስደኝ።»

ቃሌን እስካሰባስብ ድረስ ዓይኗ ተከደነ። ጠራኋት፤ ቀስ ብዬ፣ አንዴ። አልሰማችኝም። እጇ የታፔላው እንጨት ላይ ነበር። ባሏ ተመልሶ ሲያያት ከሩቅ ቆመና በጣቱ ዝም ይበሉ የሚል ምልክት አሳየኝ፤ ለእሱም ልነግረው ተነሥቼ ነበርና መልሼ ተቀመጥኩ።

ሰማዩ ዝናብ አረገዘ፣ ግን አልዘነበም። ዝንብ ፊቷ ላይ እያረፈ አስቸገራት። በነጠላዬ ጫፍ እያባረርኩላት እስክትነቃ ተቀመጥኩ።

እትዬ የማርያምወርቅ